ሐዲዱ ሲሞቅ ርዝመቱ የት ይገባል? ፊዚክስን በዲግሪ ስለመማር

ድሬዳዋ ላይ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ለዩኒቨርሲቲ ጀማሪዎችና ለወላጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ሙቀት ከቤት ወጥታችሁ ስለ ፊዚክስ ለመስማት መምጣታችሁ ትልቅ ነገር ነው። ከልጆቻችሁ ጋር የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እናንተንም ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ፊዚክስን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መማር ምን እንደሚመስል ነው። ብዙ ተማሪ ከ12ኛ ክፍል ይዞት የሚወጣው ሥዕል አንድ ነው። ቀመር አለ፣ ቀመሩን ትሸመድዳለህ፣ ቁጥር ታስገባለህ፣ ከምርጫዎቹ አንዱን ታጠቁራለህ። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ይኸው ነገር በብዛት የሚመጣበት ቦታ ይመስላል። ይህን ሥዕል ይዞ የገባ ተማሪ ሁለተኛ ዓመት ላይ ይደክመዋል። በየሴሚስተሩ አዲስ የቀመር ክምር ይጠብቀዋል፤ የአምናውን ደግሞ ረስቶታል።

እኔ የማምነው ሌላ ነው። የፊዚክስ ዲግሪ ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። እነዚያው ጥያቄዎች በየዓመቱ ተመልሰው ይመጣሉ። በመጡ ቁጥር ግን ጠለቅ ይላሉ፤ አምና የበቃን መልስ ዘንድሮ አይበቃንም። ይህን የተረዳ ልጅ ትምህርቱ አንድ ረጅም ጉዞ ይሆንለታል። ያልተረዳ ደግሞ አርባ የማይገናኙ ኮርሶችን ይቸክላል።

በወሬ ብቻ እንዳይቀር አንድ ጥያቄ ይዘን ከፍሬሽማን እስከ ምረቃ እንሂድ። የድሬ ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር መረጥኩ፤ የባቡር ሐዲድ።

ይህች ከተማ ባቡር የወለዳት ናት። ከጅቡቲ የተነሳው መስመር እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ በ1902 መጨረሻ። አዲስ አበባ የገባው በፈረንጆቹ 1917 ነበር። ከጅቡቲ እስከ ድሬ የድሮው መስመር 310 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። አሁን ጥያቄው ይኸውላችሁ። ሌሊት ቀዝቅዞ ያደረ ብረት ከሰዓት በኋላ የኛ ፀሐይ ስታርፍበት 30 ዲግሪ መጨመር አይከብደውም። ብረት ሲሞቅ እንደሚረዝም ደግሞ ሁላችንም ተምረናል። ታዲያ ሐዲዱ ምን ያህል ይረዝማል? የጨመረውስ ርዝመት የት ይገባል?

ፍሬሽማን ላይ ጄኔራል ፊዚክስ ስትወስዱ የመጀመሪያውን ክፍል ትመልሳላችሁ። የሐዲድ ብረት በየአንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ከርዝመቱ 12 ሚሊዮንኛ፣ ማለትም ከሚሊዮን 12 እጅ ያህል፣ ይጨምራል። ትንሽ ትመስላለች። አባዙት እንግዲህ። አንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ በ30 ዲግሪ 36 ሳንቲሜትር ይረዝማል። 310 ኪሎ ሜትሩ ከ110 ሜትር በላይ ይሆናል። ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ይበልጣል ማለት ነው። በየቀኑ! ጅቡቲ ላይ ግን ባሕር ሲገባ ያየ የለም። ከዚራ ያለውን ጣቢያም ገፍቶ አያውቅም።

የድሮ ሰዎች መልሳቸው ክፍተት ነበር። አጫጭር ሐዲዶችን በብሎን እያያያዙ በመካከላቸው ጠባብ ቦታ ይተዉ ነበር። 12 ሜትር የሆነ ሐዲድ በ30 ዲግሪ 4.3 ሚሊሜትር ይጨምራል፤ ክፍተቷ ያን ታስተናግዳለች። በድሮው ባቡር የተጓዛችሁ ትልልቆች ያንን የማያቋርጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ታስታውሱታላችሁ። መንኮራኩሩ ክፍተቷን ሲሻገር ነው። ስታዳምጡት የነበረው ፊዚክስ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ መጽሐፉን ይዘጋል። ቀመሩን አወቀ፣ ፈተናውን አለፈ፣ በቃ። ጥያቄው ግን አላለቀም። በዘመናዊ የባቡር መስመር ሐዲዱ ብዙ ጊዜ ጫፍ ለጫፍ ይበየዳል። ኪሎ ሜትሮች ያለ ክፍተት ይሄዳል። ያ 36 ሳንቲሜትር አሁንስ የት ሄደ?

ሁለተኛ ዓመት ሜካኒክስ ይመጣል። እዚያ ሐዲዱ እንዳይረዝም ጠፍንጎ የያዘው ነገር እንዳለ ትማራላችሁ። ከሥሩ ያለው ኮንክሪት፣ ማሰሪያው፣ የፈሰሰው ጠጠር፣ ሁሉም ተባብረው ይይዙታል። መርዘም የተከለከለ ብረት ውስጡ ይጨናነቃል። ጭንቀቱን ማስላት ይቻላል። የብረትን ግትርነት የሚለካው የያንግ ሞጁለስ 200 ጊጋፓስካል ያህል ነው። በ12 ሚሊዮንኛ አባዙት፣ በ30 አባዙት። 72 ሚሊዮን ፓስካል ይመጣል። የሐዲዱ ወርድ፣ በመጋዝ ቢቆረጥ የሚታየው ፊት ማለቴ ነው፣ 65 ካሬ ሳንቲሜትር ቢሆን በውስጡ ያለው ግፊት 468 ሺህ ኒውተን ነው። ወደ 48 ቶን ክብደት ማለት ነው። ጸጥ ብሎ የተኛ ሐዲድ ውስጥ ይህ ሁሉ ኃይል ታምቆ ይውላል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ ስሌት ውስጥ ርዝመት የሚባል ነገር የለም። ሐዲዱ አንድ ኪሎ ሜትር ቢሆን መቶም ቢሆን ግፊቱ ያው ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ሳሳይ ከኋላ ወንበር "አቦ! እንዴት ሆኖ?" የሚል ድምፅ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ያ ልጅ ቀመሩን እያነበበው ነው። ቀመር ውስጥ ያለውን ማየት አንድ ነገር ነው፤ የሌለውን ማየት ግን የፊዚክስ ተማሪ መሆን የሚጀምርበት ቦታ ነው።

ኢንጂነሮቹም ይህን ያውቃሉ። ሐዲዱን ሲያስሩ የቦታውን ቅዝቃዜና ሙቀት አይተው፣ መካከል ላይ ባለ ሙቀት ውጥረት እንዳይኖረው አድርገው ነው። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ይጨናነቃል፤ ሲቀዘቅዝ ይወጠራል። ጠጠሩና ማሰሪያው ከላላ ደግሞ በኃይለኛ ሙቀት ሐዲዱ ወደ ጎን ይጎብጣል። በብዙ አገር በጣም ሞቃት ቀን ባቡር ፍጥነት እንዲቀንስ የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ ዓመት። እዚህ ትንሽ ልቆይ፤ እኔ በጣም የምወደው ቦታ ነው። እስካሁን ብረት ሲሞቅ ይረዝማል ብለን ዝም ብለን ተቀበልን። ለምን ይረዝማል?

"ሲሞቅ አተሞቹ በኃይል ስለሚንቀጠቀጡ" ትሉኛላችሁ። መንቀጥቀጣቸው እውነት ነው። በጠጣር ነገር ውስጥ አንድ አተም በሰከንድ ውስጥ ወደ አሥር ትሪሊዮን ጊዜ ይወዛወዛል። ግን መንቀጥቀጥ ብቻውን መርዘምን አያመጣም። አተሞቹ በፍጹም ስፕሪንግ የተያያዙ ናቸው እንበል፤ ሲገፏቸውም ሲጎትቷቸውም እኩል የሚታገል ስፕሪንግ። እንዲህ ያለ አተም የቱንም ያህል በኃይል ቢወዛወዝ ወደ ቀኝ የሄደውን ያህል ወደ ግራ ይመለሳል። አማካይ ቦታው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ዓለም በፍጹም ስፕሪንግ የተሠራች ብትሆን ኖሮ ሐዲዳችን አይረዝምም ነበር። ስሌቱ በግልጽ እንዲህ ነው የሚለው።

ሚስጥሩ ያለው የአተሞች ስፕሪንግ ፍጹም ባለመሆኑ ላይ ነው። ባጃጅ ውስጥ ከኋላ ተጠጋግተው የተቀመጡ ሦስት ሰዎችን አስቡ። አሁንም ተጠጉ ቢባሉ ጭንቅ ነው። ራቅ ራቅ በሉ ቢባሉ ግን አይከብድም። ሁለት አተሞችም ይበልጥ ለመቀራረብ በጣም ይታገላሉ፤ ለመራራቅ ግን ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ ሙቀት ሲጨምርላቸው ወደ ውጭ የሚሄዱት ወደ ውስጥ ከሚገቡት ይበልጣል። አማካይ ርቀታቸው ይሰፋል። የአተሞቹ ርቀት ሰፋ ማለት ሐዲዱ ረዘመ ማለት ነው። ከጅቡቲ እስከ ድሬ ያ 110 ሜትር የተሰበሰበው ከዚህች ከማትታይ አለመመጣጠን ነው።

ይህን በወረቀት ላይ ለማሳየት ካልኩለስ የተማራችሁት የቴይለር ተከታታይ ይመጣል፤ አንድን ውስብስብ ፈንክሽን እንደ ቀላል ፓወሮች ድምር የሚጽፍ ዘዴ ነው። ፍሬሽማን ላይ "ይሄ ምን ይሠራልናል?" የምትሉት እሱ ነው። በተከታታዩ ውስጥ የካሬው ተርም ፍጹሙን ስፕሪንግ ይሰጣችኋል። ቀጥሎ ያለው፣ ሦስተኛ ፓወር ያለበት፣ አለመመጣጠኑን ያመጣል። ብዙ ጊዜ "ትንሽ ስለሆነ እንተወው" የሚባለው ተርም ነው። ለኛ ጥያቄ ግን መልሱ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ስታቲስቲካል ፊዚክስ አማካዩን እንዴት እንደምታወጡ ያስተምራችኋል። ሒሳቡ ኃላፊነቱን ሲወጣ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

አራተኛ ዓመት ሶሊድ ስቴት፣ የጠጣር ነገሮችን ፊዚክስ፣ ስትወስዱ ጥያቄው እንደገና ይመጣል። አሁን ደግሞ ኳንተም ሜካኒክስ ታውቃላችሁ። አንስታይን በፈረንጆቹ 1907 ጠጣር ነገሮች ሲቀዘቅዙ ሙቀት የመያዝ አቅማቸው ለምን እንደሚወርድ ያስረዳው የአተሞቹን ውዝዋዜ በኳንተም አስልቶ ነው። መርዘምም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ወደ ፍጹም ዜሮ ሙቀት ስትጠጉ ነገሮች በሙቀት መርዘማቸው እየከሰመ ይጠፋል። ሲሊከን ጭራሽ በጣም ቀዝቃዛ በሆነ የሙቀት ክልል ውስጥ ሲሞቅ ያጥራል። ኢንቫር የሚባል የብረትና የኒኬል ቅይጥ አለ፤ መርዘሙ ከተራው ብረት አሥር እጅ ያህል ያነሰ ነው። ሻርል ኤዱዋር ጊዮም የሚባል ሰው አግኝቶት በፈረንጆቹ 1920 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልሞበታል። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ያለው ዝርዝር ነገር አሁንም ይመረመራል። አያችሁ፣ ፍሬሽማን ላይ በአንድ መስመር የዘጋነው ጥያቄ ዓለም ገና ያልጨረሰው ሆኖ ተገኘ።

የኮርሶቹ ቅደም ተከተል ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ሊለያይ ይችላል። ጉዞው ግን ይህንን ይመስላል። ኤሌክትሮማግኔቲዝምም፣ ብርሃንም፣ ኒውክሌርም ላይ እንዲሁ ነው።

ወደ ላብ ልለፍ። ብዙ ተማሪ ላብን እንደ ግዴታ ነው የሚያየው፤ እኔ ግን ዲግሪው የሚገኘው እዚያ ነው ባይ ነኝ።

አሁን ያልኩትን የብረት መርዘም የምትለኩበት ሙከራ አለ። 60 ሳንቲሜትር ያህል የሆነ የብረት ቱቦ ይሰጣችኋል። አንዱ ጫፉ ይታሰራል፤ ሌላው ጫፍ ዳያል ጌጅ ይነካል፣ የሚሊሜትር መቶኛን የምታሳይ ባለ መርፌ መለኪያ። ውኃ አፍልታችሁ እንፋሎቱን በቱቦው ውስጥ ትለቃላችሁ። መርፌዋ ቀስ እያለች ትዞራለች። ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ሄዳ ትቆማለች። ከዚያ የጨመረውን ርዝመት በቱቦው የመጀመሪያ ርዝመትና በሙቀት ለውጡ አካፍላችሁ ያችን 12 ሚሊዮንኛ ማግኘት ነው።

አሁን እዩ። ክፍሉ 26 ዲግሪ ነው እንበል። እንፋሎቱ ስንት ነው? ማንዋሉ ላይ 100 ይላል። ተማሪውም ቴርሞሜትሩን ሳያይ 100 ብሎ ይጽፋል። ለውጡ 74 ሆነ። ድሬ ግን ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች። አየሩ ሳሳ ይላል፤ ውኃ 96 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ትክክለኛው ለውጥ 70 ነው። በ74 ያሰላ ልጅ 12 ሊያገኝ ሲገባው 11.4 ያገኛል። ከዚያ ምን ይሆናል? ወይ "የመለኪያ ስህተት" ብሎ ይጽፋል፣ ወይ ደግሞ 12 እንዲመጣለት ቁጥሩን ያስተካክላል። ሁለቱም መንገድ የሚያሳዝን ነው። ቱቦው እውነቱን ነግሮት ነበር። ድሬ ምን ያህል ከፍ እንዳለች ጭምር ነግሮት ነበር። እሱ ግን ማንዋሉን አመነ።

ይህንኑ ዕቃ ጭናችሁ ደንገጎን ሽቅብ ወጥታችሁ ሐረር ላይ ብትሠሩት ውኃው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ሐረር ድስት ላይ ያለ ሥጋ ከድሬው ይልቅ ትንሽ ቆይቶ የሚበስለው ለዚህ ነው፤ እናቶች ይህን በደንብ ያውቁታል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የላብ ደብተር ይኑራችሁ፤ በእስክሪብቶ ጻፉበት፤ የተሳሳተ ቁጥር ላይ መስመር አስምሩበት እንጂ አታጥፉት። የጓደኛን ሪፖርት መገልበጥ እንደ ቀላል ነገር ይታያል። "ግሩፕ ዎርክ ነው" ይባላል። አንዱ ይለካል፣ አራቱ ስም ያስገባሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። በሙያው ውስጥ ዋጋ ያለው ሰው "የለካሁት ይህ ነው፤ ልሳሳት የምችለው ደግሞ በዚህን ያህል ነው" ብሎ መፈረም የሚችል ሰው ነው። ያ ችሎታ በኩረጃ አይመጣም።

ዕቃ የለም የሚል ቅሬታ እሰማለሁ። እውነት ነው፤ ብዙ ቦታ ላብ ውስጥ የተሰበረው ከሚሠራው ይበዛል። ይህ ሊስተካከል የሚገባው ትልቅ ችግር ነው፤ ተማሪው ላይ ሊጫን አይገባም። እስኪስተካከል ግን ክር፣ ድንጋይና የስልካችሁ ሰዓት ካለ ፔንዱለም አለ። ስልካችሁ ውስጥ ፍጥንጥን የሚለካ ሴንሰር አለ፤ ብዙዎቹ ማግኔትም ይለካሉ። እነሱን የሚያነቡ ነፃ አፖች አሉ።

ስለ አጠናን ብዙ አልልም። ፊዚክስ በንባብ አይጠናም፤ በእርሳስ ነው የሚጠናው። የተሠራ ጥያቄ አይታችሁ "ገባኝ" ካላችሁ ገና አልገባችሁም። ወረቀቱን ገልብጡትና ከባዶ ሥሩት። ስትጣበቁ ቶሎ መልሱን አትክፈቱ፤ ያ ተጣብቃችሁ የምትቆዩበት ሰዓት ነው የሚያስተምራችሁ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ አጥኑ፤ አንዱ ለሌላው ሰሌዳ ላይ ያስረዳ። ካልኩለስን አትናቁት፤ ፊዚክስ ከበደኝ ከሚሉኝ ተማሪዎች አብዛኞቹ ሲፈተሹ የከበዳቸው ሒሳቡ ነው። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ደግሞ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሩ፤ ዲፓርትመንቱ ባያስተምራችሁም ራሳችሁ ጀምሩ። የመውጫ ፈተናን በተመለከተ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ 50 ከመቶ ማምጣት ግዴታ ነው። ጥያቄዎችን ከዓመት ዓመት እያገናኘ የተማረ ልጅ በመጨረሻው ወር አይንቀጠቀጥም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። እዚህ ካላችሁት ውስጥ አንዳንዶቻችሁ ፊዚክስን አትመርጡትም። ሜዲስን ወይም ሶፍትዌር ትሞላላችሁ፤ ምደባ ሲወጣ ፊዚክስ ይደርሳችኋል። የደረሳችሁም ትኖራላችሁ። ቤት ውስጥ ለቅሶ የሚመስል ነገር ይሆናል። ጎረቤት "ታዲያ አስተማሪ ልትሆን ነው?" ይላል፣ አስተማሪ መሆን ውርደት ይመስል።

ለእነዚህ ልጆች ሐዘናችሁ አይገባኝም አልልም። ሕልምን መለወጥ ቀላል አይደለም። ግን አንድ ሴሚስተር ስጡት። ፊዚክስን ሳትጠሉት አንድ ሴሚስተር በሙሉ ልብ ተማሩት። ከዚያ በኋላ ልባችሁ ካልገባበት ዲፓርትመንት መቀየር የሚቻልበትን መንገድ በግልጽ ጠይቁ። እያለቀሱ አራት ዓመት መግፋት ግን ለማንም አይበጅም። ልባቸው ሳይፈልግ ገብተው ሦስተኛ ዓመት ላይ ከክፍሉ ሁሉ የበለጠ የሚጠይቁ ልጆች አይቻለሁ። ሴቶች ልጆችም አትፍሩ፤ ክፍሉ ውስጥ ጥቂት መሆናችሁ ቦታው የእናንተ አይደለም ማለት አይደለም።

የዚህን ትምህርት ክብር ለማየት ለምትፈልጉ የሙሉጌታ በቀለን ታሪክ ፈልጋችሁ አንብቡ። በደርግ ጊዜ ለዓመታት ታስሮ የተሠቃየ የፊዚክስ ሰው ነው። እስር ቤት ውስጥ ሆኖ እስረኞችን ያስተምር ነበር። ከወጣ በኋላ ሕንድ ሄዶ ዶክትሬቱን ሠራ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲካል ፊዚክስ አስተማረ። በፈረንጆቹ 2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር ለሰብአዊ መብት የቆሙ ሳይንቲስቶችን የሚያከብርበትን የአንድሬ ሳካሮቭን ሽልማት ሰጠው። አስተማሪ ነበር። ጎረቤታችሁ "አስተማሪ ልትሆን ነው?" ሲል እሱን አስቡ።

ወላጆች ደግሞ የሥራውን ነገር መጠየቅ መብታችሁ ነው። እውነቱን ልናገር። የፊዚክስ ዲግሪ ይዞ በወጣ ማግስት በር የሚከፍት ቢሮ ብዙ የለም። የሚጠብቁ ልጆች አሉ። መምህርነት ትልቁ በር ነው፤ ለዚያም ተጨማሪ የመምህርነት ሥልጠና ያስፈልጋል። ሜትሮሎጂ፣ ጂኦተርማል፣ የጨረር ቁጥጥር፣ ሳተላይትና ስፔስ ሳይንስ፣ ዳታና ፕሮግራሚንግ አሉ። ብዙዎቹ ማስተርስ ይፈልጋሉ። ይህን ቀድማችሁ ካወቃችሁ ልጃችሁን በሁለተኛ ዓመቱ ማዘጋጀት ትችላላችሁ።

አንዱን ብቻ ጠጋ ብዬ ላሳያችሁ፤ ሜዲካል ፊዚክስን። ካንሰር በጨረር ሲታከም ከሐኪሙ አጠገብ ፊዚሲስት አለ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በሽተኞች የታከሙት በኮባልት 60 ማሽን ነበር። ኮባልት 60 በየ5.27 ዓመቱ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። ይህ ማለት በየወሩ ከአንድ ከመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ያጣል ማለት ነው። ማሽኑ አዲስ እያለ አንዲት እናት ሁለት ደቂቃ የምትፈልገው ሕክምና ከአምስት ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ አራት ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ሰው በየጊዜው ለክቶ፣ አስልቶ፣ ሰዓቱን ማስተካከል አለበት። ቢያሳጥረው ዕጢው አይሞትም፤ ቢያስረዝመው ጤነኛው ሰውነት ይቃጠላል። ዘመናዊዎቹ ማሽኖች ኮባልት የላቸውም፤ ኤሌክትሮን አፋጥነው ጨረር ይሠራሉ። የሚለካቸውና የሚፈርምላቸው ሰው ግን ያስፈልጋቸዋል። ቅድም ላብ ውስጥ ቴርሞሜትሩን ሳያይ 100 ብሎ የጻፈውን ልጅ እዚህ ቦታ ላይ አታስቀምጡትም። ቴርሞሜትሩን ያየውን ልጅ ግን ታምኑታላችሁ።

የመጨረሻ ነገር፣ ስለ መመረቂያ ፕሮጀክት። አብዛኛው ተማሪ አራተኛ ዓመት ላይ ሲደርስ ርዕስ ከኢንተርኔት ያወርዳል። ለምን? ይህች ከተማ እኮ በጥያቄ የተሞላች ናት። አንዱን ልስጣችሁ።

ድሬ ፀሐይ አላት፤ ሶላር ፓነልም በየጣሪያው እየበዛ ነው። የሲሊከን ፓነል ግን ሙቀት አይወድም። ፓነሉ ላይ 100 ዋት ተብሎ የሚጻፈው ፓነሉ ራሱ 25 ዲግሪ ሆኖ ሲለካ ነው። ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 ከመቶ ያህል ያጣል፤ ሲሞቅ ቮልቴጁ ይወርዳል። እኩለ ቀን ላይ ጣሪያ ላይ ያለ ፓነል 65 ዲግሪ ቢደርስ 16 ከመቶ ሄደ። 100 የተባለው 84 ሆነ። የኛን አቧራ ገና አልቆጠርንም።

ስለዚህ ሁለት እኩል ፓነሎች አግኙ። አንዱን በየቀኑ አጽዱት፤ ሌላውን ተዉት። ከጀርባቸው ቴርሞሜትር ለጥፉ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 11 ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ ቮልቴጁን፣ ከረንቱን፣ ሙቀቱን መዝግቡ። አንዴ በጥር፣ አንዴ በግንቦት ሥሩት። ከሁለቱ ወሮች ድሬ ላይ አንድ ፓነል የበለጠ የሚሰጠው በየትኛው ነው? ግንቦት ፀሐዩ ይበረታል፤ ሙቀቱም አብሮ ይበረታል። ጥር ላይ ሁለቱም ይቀንሳሉ። የትኛው እንደሚያሸንፍ ለክታችሁ ንገሩን። ፓነል የሚሸጠውም የሚገዛውም ሰው ያንን ቁጥር ይፈልገዋል።

መልቲሜትርና ቴርሞሜትር የቸገረው ተማሪ ካለ፣ ከጥያቄና መልሱ በኋላ ይፈልገኝ። አውሰዋለሁ።